አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፦ «ፋይል መጋሪያን መዝጋት ሳንሱር አይደለም» ላልከው

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በፒዲኤፍ ሲዞር ነበር። ርእሱ «ፋይል መጋሪያን መዝጋት ሳንሱር አይደለም» ይላል። ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። ሁለቱ «አንብበህ ተናደድ» ብለው፣ አንዱ ደግሞ «እስቲ አሁን ምን ትል?» ብሎ። አነበብኩት። አልተናደድኩም። ጥሩ ተጽፏል፣ ሰውዬው አስቦበታል። ግን ሌባውን አሳደድኩ እያለ የጎረቤቱን በር ሲያሽግ አየሁት፣ እሱም ያስተዋለው አልመሰለኝም።

ላላነበበው ሰው ባጭሩ እንዲህ ነው የሚለው። ፋይል መጋሪያ (ሰው ፋይሉን ጭኖ ለሌላው በሊንክ የሚያጋራበት ድረ ገጽ) የሌባ ሱቅ ነው፤ የሌባ ሱቅ ሲታሸግ «አፌ ተዘጋ» የሚል የለም። ንጹሕ ፋይል ያስቀመጠ ካለ ሄዶ ይውሰድ። ነገሩ በሕግ ስለሚያልፍ ጥፋት የሌለበት አይነካም። መዝጋት ይሠራል፣ በቁጥር ታይቷል። የመንግሥት ሳንሱር ሌላ፣ ይሄ ሌላ። ማሳረጊያው ደግሞ፦ ይህን የሚቃወም ሁሉ በነጻ ማየት የለመደ ነው።

ለጸሐፊው፦ «አንተ» እያልኩ ልቀጥል፣ አትቀየመኝ። በአንቱታ መከራከር አይሆንልኝም። ዓመቶቹንም አንተ እንዳደረግከው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

ከማሳረጊያህ ልጀምር፣ ቶሎ ስለሚያልቅ። ድሮ አውርጃለሁ፣ አልዋሽህም። አሁን ለሙዚቃም ለፊልምም በየወሩ እከፍላለሁ። ይሄ ግን ክርክሩን አያነሳውም፣ አይጥለውም። ሰካራምም ቢሆን ዝናብ እየዘነበ «ዘነበ» ካለ ልክ ነው። እንለፈው።

«የሌባ ሱቅ ነው» ወዳልከው ልምጣ። ሱቅ አይደለም፣ መጋዘን ነው። እልፍ ክፍል ያለው መጋዘን። አንዱ ክፍል ውስጥ የተሰረቀ ፊልም አለ። ቀጥሎ ባለው የአንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ከዚያ ወዲያ ኢሜይል አልችልም ያለው የሠርግ ቪዲዮ። ባለመጋዘኑ ራሱ ከሌባው ጋር ሲሻረክ ሊገኝ ይችላል። ይያዝ። ይከሰስ። እኔ የምጠይቅህ ስለ ተማሪዋ ክፍል ነው።

ትልቁን ፋይል መጋሪያ ሜጋአፕሎድን ራስህ ነህ ያነሳኸው፣ ደግ አደረግክ። ጃንዋሪ 19 ቀን 2012 የአሜሪካ መንግሥት ዘጋው፤ መሥራቹ ኪም ዶትኮም ኒውዚላንድ ውስጥ ከመኖሪያው ተያዘ። ከክሱ ላይ ሁለት ቁጥር ጠቅሰሃል፦ ድርጅቱ ከ175 ሚሊዮን ዶላር በላይ አግኝቷል፣ በባለመብቶች ላይም ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጉዳት ደርሷል። እሺ። በዚያው ጉዳይ ዐቃቤ ሕግ ሌላም ቁጥር አስፍሯል፣ አንተ የዘለልከው። ከ150 ሚሊዮን በላይ የተመዘገበ ተጠቃሚ፣ በቀን 50 ሚሊዮን ጎብኚ። ታዲያ 150 ሚሊዮን ሰው ሁሉ ሌባ ነው? ነው የምትል ከሆነ እሺ፣ ጻፈው። አይደለም የምትል ከሆነ የቀሩት የት ሄዱ?

ስለ ሰዎቹ አልሟገትህም። ከአለቆቹ ሁለቱ ኒውዚላንድ ውስጥ ጥፋታቸውን አምነው በ2023 እስር ተፈርዶባቸዋል። የኔ ጥያቄ የተጠቃሚው ነው፣ እሱ ደግሞ ሁለተኛ ነጥብህ ላይ ነው የሚገኘው።

«ንጹሕ ፋይል ያስቀመጠ ሄዶ ይውሰድ።»

እዚህች ላይ ጽሑፉን አስቀምጬ ተነሳሁ። የት ሄዶ? ከማን ይውሰድ? እስቲ የሆነውን ልንገርህ።

ሜጋአፕሎድ ሰርቨሮቹን፣ ማለትም ፋይሎቹ የሚቀመጡባቸውን ኮምፒውተሮች፣ የተከራየው ካርፓቲያ ከሚባል ድርጅት ነበር። ወደ 1,100 ሰርቨር፣ 25 ፔታባይት (25 ሚሊዮን ጊጋባይት) መረጃ። መንግሥት ለማስረጃ የሚፈልገውን ቀዳ፣ ከዚያ «እኛ ጨርሰናል» አለ። የሜጋአፕሎድ ገንዘብ ታግዷል፣ ኪራይ የሚከፍል የለም። ካርፓቲያ ማሽኖቹን ማቆየት በቀን 9,000 ዶላር ያስወጣኛል ብሎ ለፍርድ ቤት አመለከተ። ላጥፋው ቢል ማስረጃ አጠፋህ ይባላል። ለተጠቃሚ ልመልስ ቢል የተሰረቀ ፊልም አደልክ ይባላል። ስለዚህ ማሽኖቹን ነቅሎ መጋዘን ውስጥ ከመረ። አስበው እንግዲህ፣ የሰው ፎቶ፣ የሰው ደብዳቤ፣ የሰው ሥራ፣ ኤሌክትሪክ በሌለው ሳጥን ውስጥ።

በኦሃዮ የትምህርት ቤት ስፖርት ውድድሮችን እየቀረጸ የሚኖር አንድ ሰው ነበር። የራሱ ሃርድ ዲስክ ተበላሽቶበት፣ የቀረው ቅጂ ሜጋአፕሎድ ላይ ያለው ብቻ ነው። የቀረጸው ራሱ፣ መብቱም የራሱ። የኢንተርኔት መብት ተሟጋቹ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ጠበቃ ቆሞለት በ2012 ፋይሌን መልሱልኝ ብሎ ፍርድ ቤት ገባ። የመንግሥት መልስ ሲጨመቅ «ጉዳይህ ከእኛ ጋር ሳይሆን ከድርጅቶቹ ጋር ነው» የሚል ነበር። ከዚያ ማመልከቻ በማመልከቻ ላይ ሲደረብ ዓመታት ነጎዱ።

ኔዘርላንድስ ያሉት ደግሞ ይህንንም አላገኙም። ሊዝዌብ የተባለው አከራይ 630 ሰርቨር ነበረው። በ2013 ሁሉንም ጠርጎ ለሌላ ሥራ አዋላቸው። አለቀ። «ሄዶ ይውሰድ» የምትለው ሰው ሲሄድ የሚጠብቀው ባዶ ዲስክ ነው።

የኔንም ልጨምር፣ ከዚያኛው ጋር የሚወዳደር ባይሆንም። ከዓመታት በፊት አንድ አዛውንት እያናገርኩ ድምፃቸውን ቀድቼ ነበር፣ አሥራ አንድ ሰዓት ያህል። ፋይሎቹ ትልልቅ ስለነበሩ ለሚጽፍልኝ ልጅ በኢሜይል አልሄዱም። አንድ ፋይል መጋሪያ ላይ ጫንኳቸው፣ ስሙን አልጠራም። ላፕቶፔ ላይ ቦታ ጠቦኝ ነበርና ዋናውን ሰረዝኩ። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። ልጁ ሦስቱን አውርዶ ጻፈ። በአራተኛው ቀን ደወለልኝ፦ «ሊንኩ አይከፍትም፣ የሆነ ማኅተም ነው የሚያሳየኝ።» ሄጄ አየሁት። የመሥሪያ ቤት ማኅተም፣ ከሥሩ አንድ አንቀጽ የሕግ እንግሊዝኛ። የት እንደምጠይቅ የሚል ስልክ የለ፣ ኢሜይል የለ። ገጹን ደጋግሜ ሪፍሬሽ አደረግኩት፣ ማኅተሙ ይጠፋ ይመስል። አዛውንቱ አሁን በሕይወት የሉም። የቀሩት ስምንት ፋይሎች የት እንዳሉ አላውቅም። ያኔ ሰርቄ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ የተሰረቀ ፊልም መቼም አይጠፋም፣ በማግስቱ ሌላ ቦታ ታገኘዋለህ። የሚጠፋው አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ነገር ነው። ይሄ ነጥብ በጽሑፍህ ውስጥ አንድም ቦታ የለም።

«ጠንቃቃ ሰው ሁለት ቦታ ያስቀምጣል» ትለኝ ይሆናል። ትክክል። ግን ቤቴን ክፍት ትቼ ብወጣ ዕቃዬን ለመውሰድ ፈቃድ ሰጠሁ ማለት አይደለም።

ሦስተኛ፦ «በሕግ ስለሚያልፍ ጥፋት የሌለበት አይነካም።» ወንድሜ፣ ይቺን ከየት አመጣሃት?

በ2010 ኖቬምበር የአሜሪካ ኢሚግሬሽንና ጉምሩክ መሥሪያ ቤት በአንድ ዘመቻ 82 ዶሜይን (የድረ ገጽ አድራሻ) ወረሰ። አንዱ ዳጃዝ ዋን የሚባል የሂፕሆፕ ገጽ ነበር። ባለቤቱ ዘፈኖቹን የላኩልኝ የሙዚቃ ድርጅቶቹና አርቲስቶቹ ራሳቸው ናቸው አለ። ክስ አልተመሠረተበትም። ፍርድ ቤት ቀርቦ አልተከራከረም። ጠበቃው ሲጠይቅ ቀነ ገደቡ በምስጢር ተራዝሟል እየተባለ ይመለሳል። በ2011 ዲሴምበር «ይኸው ውሰድ» ተባለ። አንድ ዓመት ከምናምን! በኋላ የወጡት ሰነዶች እንዳሳዩት መንግሥት የተቀመጠው የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር ማስረጃ እስኪያመጣለት እየጠበቀ ነበር። ማስረጃው አልመጣም። የዳኛ ፊርማ ነበረበት ወይ ካልከኝ፣ ነበረበት። ፊርማው የተፈረመው ግን አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ ነው።

ሮሃዲሬክታ የሚባለው የስፖርት ስርጭት ሊንኮች የሚሰበስብ የስፔን ገጽ ደግሞ አገሩ ላይ ሁለት ጊዜ ፍርድ ቤት ረቶ ነበር። አሜሪካ በ2011 መጀመሪያ ዶሜይኑን ወሰደች፣ በ2012 ኦገስት መለሰች። በሁለቱ መካከል ምን አጥፍቶ እንደነበር የተፈረደ ነገር የለም።

ሁሉንም የሚያስንቀው ግን ሙ ዶት ኮም ነው። በ2011 ፌብሩዋሪ፣ የሕፃናት ወሲብ ምስል የሚያሰራጩ ገጾችን ለመያዝ ሲባል የተወረሰ ዶሜይን። ዓላማው ላይ ማንም አይከራከርም። ችግሩ ሙ ዶት ኮም በነጻ ንዑስ አድራሻ የሚያድል ዶሜይን መሆኑ ነው፤ 84,000 ያህል ገጽ ከሥሩ ነበር። የግል ገጽ፣ የትንንሽ ንግድ ገጽ። ሁሉም በአንድ ሌሊት ወረዱ። መውረዳቸው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ደንበኛህ፣ እናትህ፣ አለቃህ ገጽህን ሲከፍቱ የሚያገኙት ጽሑፍ ይህ ዶሜይን በሕፃናት ወሲብ ምስል ምክንያት ተይዟል ይላል። ጥፋት የሌለበት አይነካም አልክ አይደል?

እነዚህ የድሮ ናቸው፣ ዛሬ ተሻሽሏል እንዳትለኝ ወደ ጣሊያን ልውሰድህ። በ2024 መጀመሪያ የእግር ኳስ ስርቆት ስርጭትን ለማገድ «ፓይሬሲ ሺልድ» የሚባል ሥርዓት ተተከለ። ባለመብት አድራሻ ይጠቁማል፣ ኢንተርኔት አቅራቢው በ30 ደቂቃ ውስጥ ይዘጋል። በ30 ደቂቃ! ዳኛ ቡናውን ሳይጨርስ። ያንኑ ዓመት ኦክቶበር 19 ምን ዘጉ? ጉግል ድራይቭን። ተማሪ፣ ሠራተኛ፣ መሥሪያ ቤት፣ ሁሉም ፋይሉን ማውረድ አቃተው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄኔ ነው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? አንድ አይፒ አድራሻ አንድ ገጽ ይመስለናል። አይደለም። የትልቅ ሕንጻ የውጭ በር በለው፣ ከውስጥ ስንት ሺህ ተከራይ ሊኖር ይችላል። በሩን ስትቆልፍ ሁሉንም ቆለፍክ። አውስትራሊያ በ2013 አንድ የአጭበርባሪ ገጽ ልዝጋ ብላ አይፒውን ስታሳግድ 1,200 ገጽ አብሮ ጨለመ፤ ከነሱ አንዱ ሜልበርን ፍሪ ዩኒቨርሲቲ ነበር፣ ነጻ ትምህርት የሚሰጥ። የከለከሉት ሰዎች ክፋት የለባቸውም። በሩን ብቻ ነው ያዩት።

አራተኛው ነጥብህ ላይ ግማሽ መንገድ አብሬህ እሄዳለሁ። «መዝጋት ይሠራል።» አንዳንዴ ይሠራል፣ እውነት ነው። ሜጋአፕሎድ ከተዘጋ በኋላ የሁለት ትልልቅ ስቱዲዮዎች የዲጂታል ፊልም ገቢ ከ6.5 እስከ 8.5 በመቶ ከፍ ማለቱን ያሳየ ጥናት አለ። ከኔ ወገን ያሉት ይህን ይደብቃሉ፣ ደስ አይለኝም። ብሪታንያ ላይም የተሰረቀ ፊልምና ሙዚቃ የሚወርድበት ገጽ ፓይሬት ቤይ በ2012 ብቻውን ሲታገድ ሰው ወደ ሕጋዊው አልሄደም፤ በ2013 ወደ 19 የሚሆኑ ገጾች በአንድ ላይ ሲታገዱ ግን ሄደ። እሺ፣ ልክ ነህ።

ግን በዚያው ሜጋአፕሎድ ላይ የተሠራ ሌላ ጥናትም አለ፣ እሱን ጨምርበት። ትልልቆቹ ፊልሞች በሲኒማ ቤት ተጠቀሙ፤ የመካከለኞቹና የትንንሾቹ ገቢ ግን ቀነሰ። አጥኚዎቹ ያቀረቡት ምክንያት ቀላል ነው፦ ማስታወቂያ የሌለው ፊልም የሚኖረው በሰው ወሬ ነው፣ በነጻ ያየው ሰው ለሚከፍለው ያወራለታል። «አርቲስቱን ለማዳን» ስትል የትኛውን አርቲስት እንደሆነ ብትነግረን ጥሩ ነበር።

ፓይሬት ቤይን በተመለከተ፣ የስዊድን ፖሊስ በሜይ 31 ቀን 2006 ገብቶ ሰርቨር ጫነ። እዚያው ቤት የነበሩ ምንም የማያገባቸውን ደንበኞች ሰርቨርም አብሮ ጫነ። ፓይሬት ቤይ በሦስት ቀን ተመለሰ። ደንበኞቹ ደጅ ሲጠኑ ቆዩ። በ2014 ዲሴምበር ድጋሚ ተያዘ፣ በ2015 ጃንዋሪ መጨረሻ ድጋሚ ተመለሰ። ከዚያው አገር በ2008 ስፖቲፋይ የሚባል ሕጋዊ የሙዚቃ ማድመጫ ወጣ። እኔን ከማውረድ ያስተወኝ የቱ እንደሆነ ልንገርህ? ማኅተሙ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው። «የመንግሥት ሳንሱር ከዚህ ጋር ምንም አያገናኘውም» ብለሃል። ከሁሉም የማልቀበልህ ይቺን ነው፣ ምክንያቱም የሚያገናኘው ገመድ በዓይን ይታያል።

ብሪታንያ ላይ ኢንተርኔት አቅራቢው ቢቲ በ2004 «ክሊንፊድ» የሚባል ማጣሪያ ሠራ። ለአንድ ነገር ብቻ ነው፣ ለሕፃናት ጥቃት ምስል። ያኔ «ነገ ለሌላም ይውላል» ያለ ሰው ካለ፣ አጋናኝ ነው የሚባለው። በ2011 የፊልም ኩባንያዎቹ ፍርድ ቤት ሄደው ኒውዝቢን ቱ የሚባለውን የተሰረቀ ፊልም የሚገኝበት ገጽ አሳግዱልን አሉ። ዳኛው ለቢቲ ምን ብለው አዘዙ? ክሊንፊድን ተጠቀም። መሣሪያው አለ፣ ተከፍሎበታል፣ ይሠራል፤ ለምን ይቀመጣል? ሰባት ዓመት ነው የፈጀው። አንድም ሰው ሕግ አልጣሰም። በሩ ክፍት ነበር፣ ቀጣዩ ገባ።

ሩሲያ ላይ ደግሞ ፈጠነ። በ2012 ኖቬምበር የጥቁር መዝገብ (የሚታገዱ ገጾች ዝርዝር) ሕግ ሥራ ጀመረ፣ ሕፃናትን ከጎጂ ነገር ለመጠበቅ። በ2013 ኦገስት ተዘዋውሮ ለተሰረቀ ፊልም ሆነ። ልብ በል፣ ያንተ ጽሑፍ የሚደግፈው እርምጃ ይሄኛው ነው። ስድስት ወር ቆይቶ፣ በ2014 ፌብሩዋሪ፣ ያልተፈቀደ ሰልፍ የሚጠራን ገጽ ዐቃቤ ሕግ ያለ ፍርድ ቤት እንዲያሳግድ የሚፈቅድ ሕግ ጸና። በቀጣዩ ወር ግራኒ የሚባለውን የዜና ገጽና የቼዝ ሻምፒዮን የነበረውን የተቃዋሚውን የጋሪ ካስፓሮቭን ገጽ ጨምሮ የተቃዋሚ ድምፆች ጠፉ። ዝርዝሩን የሚይዘው መሥሪያ ቤት አንድ፣ ትእዛዙን የሚፈጽመው ኢንተርኔት አቅራቢ ያው። የተለወጠው በዝርዝሩ ላይ የሚጻፈው ስም ብቻ ነው። ያ መሥሪያ ቤት በ2018 ቴሌግራምን ልዝጋ ሲል በሚሊዮን የሚቆጠሩ የአማዞንና የጉግል አድራሻዎችን ዘጋ፤ ቴሌግራም ራሱ ግን መሥራቱን ቀጠለ። በ2020 እገዳውን አነሱት። እዚያም አህያው አምልጦ ዳውላው ነው የተደበደበው።

የፊልም ኩባንያ ጠበቃና የመንግሥት ሳንሱረኛ አንድ ዓይነት ሰው ናቸው እያልኩህ አይደለም። የሚጠይቁት ቁልፍ አንድ ነው። ለአንዱ ካስቀረጽክለት ሌላው ለማስቀረጽ አይቸገርም፣ መበደር ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

«ታዲያ ምን ይደረግ፣ ዝም ይባል?» የሚለው ጥያቄህ ተገቢ ነው። ዝም አይባል። ፋይሉ ይነሳ። የአሜሪካው የ1998 ሕግ ከነጉድለቱ ቢያንስ ይህን ያደርጋል፦ ባለመብት ይጠቁማል፣ ያ ፋይል ይወርዳል፣ የጫነው ሰው «የኔ ነው» ብሎ የመመለስ ዕድል አለው። በዚህም ብዙ ሰው በሐሰት እየተጠቆመ ይንገላታል፣ ግን ጎረቤቱ አይነካም። ባለቤቱ ወንጀለኛ ሆኖ ድርጅቱ መዘጋት ካለበት ይዘጋ፤ ከመዘጋቱ በፊት ግን ማውረድ ብቻ የሚፈቀድበት ሠላሳ ቀን ስጡ። መጫን ይቁም፣ ገንዘቡ ይታገድ፣ ሰው በመለያው ገብቶ የራሱን ፋይል ይውሰድ። ባንክ ሲከስር ለአስቀማጮች መላ ይፈለጋል። እዚህስ? ማኅተሙ ላይም ስልክ ቁጥር ጻፉበት፣ ለነፍሳችሁ።

አንዲት ነገር ብቻ ቀረችኝ። ጽሑፍህ ሲዞር የነበረው በፒዲኤፍ ነው ብያለሁ። ፒዲኤፉ ከበደና በሊንክ ነው የላኩልኝ፤ ሊንኩን ስጫነው አንድ ነጻ ፋይል መጋሪያ ከፈተልኝ። በግራ ጎን የቁማር ማስታወቂያ፣ ከላይ «ፋይልዎ በ15 ሰከንድ ይዘጋጃል»። ከጽሑፍህ ሥር የጫነው ሰው ስም አለ፣ ያንተው ነው። አሥራ አምስቷን ሰከንድ ጠብቄ አወረድኩትና ሁለት ቦታ አስቀመጥኩት። ቅጂው ከጠፋብህ ላክልኝ በለኝ።